የሸምበቆ ዋጋና የቅኝት ዋጋ፦ ስለ ዋሽንት አሠራር ዳሰሳ

ከሀገራችን የሙዚቃ መሣሪያዎች ሁሉ በዕቃው ርካሹ ዋሽንት ነው። ክራር ቆዳ፣ ጣውላና ጅማት ይፈልጋል፤ መሰንቆ የፈረስ ጭራና ደጋን፣ በገና ደግሞ ደህና ግንድና ተፈትሎ የደረቀ የበግ አንጀት። ዋሽንት አንድ ዘንግ ሸምበቆና አራት ቀዳዳ ይበቃዋል። ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ ከክራርና ከመሰንቆ ጋር ተስማምቶ የሚነፋ፣ ለየቅኝቱ የተሟላ የዋሽንት ስብስብ በአነስተኛ ዋጋ ማግኘት ለአንድ ጀማሪ ባህላዊ ሙዚቀኛ ቀላል አይደለም። ለምን? በርካሽ የሚሠራ፣ ግን በቅኝቱ የታመነ ዋሽንት በእጅ ማምረት ይቻላል ወይ? በምን ዕቃ? በማን ልክ?

ስለ ዋሽንት የተጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ስለ ድምፁ ውበትና ስለ እረኛው ይናገራል። ስለ አሠራሩ የሚናገረው ጥቂት ነው። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው በአሠራሩ ላይ ነው፤ አካባቢውም ከወልዲያ በመርሳ መንገድ፣ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ የምትገኘው ሲሪንቃ ናት። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። አምባሰልና ባቲ የተባሉት ቅኝቶች ስማቸውን የወሰዱባቸው ቦታዎች ሁለቱም ወሎ ውስጥ ናቸው፤ አምባሰል ደግሞ ከሀብሩ ወደ ደቡብ ሲሉ የሚገኝ ጎረቤት ነው። ስለ ቅኝት ልክ የሚነሳ ክርክር እዚህ አገር ላይ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ከእረኛ እጅ ወደ መድረክ

ስለ ኢትዮጵያ የትንፋሽ መሣሪያ ከተጻፉ ቀደምት የውጭ ሰነዶች አንዱ የስኮትላንዳዊው ተጓዥ የጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን ጎንደር ቆይቶ ከተመለሰ በኋላ ስለ ሀገሪቱ መሣሪያዎች የጻፈው ደብዳቤ፣ እ.ኤ.አ. በ1776 በታተመው የቻርልስ በርኒ የሙዚቃ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል። ስድስት መሣሪያዎችን ይቆጥራል። ከእነዚህ አንዱ ቁልቁል ተይዞ የሚነፋ፣ በአማርኛ አገዳ ይባላል ያለው መሣሪያ ነው። ድምፁ ከፍ ያለ አለመሆኑን ገልጾ፣ በውስጡ አንድ የሚነዝር የሻከረ ቃና እንዳለበት፣ ይህም ጉድለት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተሠራ፣ ከሌለበትም መሣሪያው እንደማይወደድ ይጽፋል።

ከዚህ ምስክርነት ሁለት ያልተፈቱ ጥያቄዎች ይወጣሉ። አንደኛው፣ ብሩስ የመሣሪያውን አፍ ከክላርኔት አፍ ጋር ማመሳሰሉ ነው። የዛሬው ዋሽንት የተለየ አፍ የለውም፤ ሁለቱም ጫፉ ክፍት ነው፤ ነፊው ከንፈሩን ጠርዙ ላይ አጋድሞ ይነፋል። ብሩስ ሌላ መሣሪያ አይቶ ይሆን? አገላለጹ ተሳስቶ ይሆን? ወይስ ያኔ የነበረው ዓይነት ጠፍቶ ይሆን? ዕቃው በእጃችን ስለሌለ ቁርጥ ያለ መልስ መስጠት አይቻልም። ሁለተኛው የበለጠ ያሳስበኛል። የጠራ ድምፅ ሁልጊዜ የጥሩ ዋሽንት መለኪያ አልነበረም ማለት ነው። ትንፋሹ የሚሰማበት፣ ትንሽ የሚሻክር ቃና ለሰሚው ጣዕም ከነበረ፣ ዛሬ በፋብሪካ ቱቦ የሚሠራውን ንጹህ ድምፅ «የተሻሻለ» ብሎ መጥራት ከማን ጆሮ አንጻር ነው?

ዋሽንት ያደገው ከአምልኮ ቦታ ውጭ ነው። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ለዝማሬ የሚያገለግሉት ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ናቸው። የወሎ መንዙማ የሚቆመውም በድምፅ፣ በጭብጨባና በድቤ ነው። ዋሽንት ለብቻው ከከብት ኋላ፣ ከማሳ ጥበቃና ከመንገድ ጋር ቀረ። ይህ ለአሠራሩ ትልቅ ትርጉም አለው። በገና ከመንፈሳዊ ሕይወት ጋር ስለተሳሰረ አሠራሩና አቃኘቱ ከአስተማሪ ወደ ተማሪ በአደራ ተላለፈ፤ ዋሽንት ግን እንዲህ ያለ ቤት አላገኘም። እረኛው ለራሱ ይቆርጣል፣ ለራሱ ይበሳል፣ ሲሰበር ሌላ ይቆርጣል። ለብቻ ለሚነፋ ሰው ይህ ምንም አይጎድለውም። የእርሱ ዋሽንት ከማንም ጋር መስማማት የለበትም።

ችግሩ የተወለደው ዋሽንት ከሌሎች ጋር ሲሰለፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ግብጻዊው የሙዚቃ ቀማሪ ሀሊም ኤል-ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲመሠርት፣ ቀድሞ ጎን ለጎን ተሰምተው የማያውቁ የየአካባቢው መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ተቀመጡ። ቡድኑን በኋላ የመራው ተስፋዬ ለማ እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ኢትዮጵያ የሙዚቃ መሣሪያዎች መጽሐፍ አሳትሟል፤ ከቡድኑ አባላት መላኩ ገላው በዋሽንትና በክራር ይታወቅ ነበር። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ «እረኛው ባለዋሽንት» የተባለ የሲምፎኒ ሥራ ደርሶ በሃንጋሪ ኦርኬስትራ አሰምቷል። በያሬድም ዋሽንት ከክራርና ከመሰንቆ ጋር የትምህርት ዓይነት ሆነ። በደርግ ዘመን የኪነት ቡድኖች በየአውራጃውና በየቀበሌው ሲቋቋሙ የዋሽንት ነፊ ፍላጎትም አብሮ ሰፋ፤ የወሎው የላሊበላ ኪነት ቡድን በዚህ ረገድ እስከ ዛሬ የሚታወስ ነው።

ክራርና መሰንቆ ክራቸውን አጥብቀው ወይም አላልተው ከዘፋኙ ድምፅ ጋር ይስማማሉ። ዋሽንት እንደተቆረጠ ነው፤ ሌሎቹ ወደ እርሱ ይመጣሉ እንጂ እርሱ ወደ ማንም አይሄድም። ኪቦርድ ሲጨመር ደግሞ ኪቦርዱም ዋሽንቱም የማይንቀሳቀሱ ሆኑና ዋሽንቱ ጥፋተኛ ተባለ።

ፊሽካ እናድርገው ወይ?

ርካሽ የትንፋሽ መሣሪያ ሲባል በዓለም ላይ ቀድሞ የሚጠቀሰው የእንግሊዞቹና የአየርላንዶቹ የቆርቆሮ ፊሽካ ነው። ሮበርት ክላርክ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1843 ከቆርቆሮ ጠቅልሎ መሥራት ጀመረ፤ በሳንቲም የሚሸጥ ስለነበር ድሃ ቤት ሁሉ ገባ፤ ከጊዜ በኋላ የአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ ዋና መሣሪያ ሆነ። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የጆሃንስበርግ ልጆች ይህንኑ የሳንቲም ፊሽካ ይዘው ክዌላ የተባለውን ሙዚቃ ፈጠሩ፤ የጀርመኑ የሆነር ኩባንያ እስከ ማምረት ደረሰ። ርካሽ መሣሪያ አንድን የሙዚቃ ዓይነት ሊወልድ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ከዚህ ተነስቶ አንዳንዱ ለዋሽንትም ተመሳሳይ ሐሳብ ያቀርባል፦ አፉ ላይ የአየር መተላለፊያ ተሠርቶለት፣ ጀማሪው ገና እንደነፋ ድምፅ ቢያገኝስ? ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ዋሽንት ለጀማሪ አስቸጋሪ ነው፤ የከንፈሩን ማዕዘን እስኪያገኝ ድረስ ብዙ ቀን ባዶ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ብዙ ልጆችም እዚያው ላይ ይተዉታል።

ልዩነቱ ግን ጥቃቅን አይደለም። በፊሽካ የአየሩን አቅጣጫ የወሰነው ሠሪው ነው፤ በዋሽንት ነፊው ራሱ ነው። ዋሽንተኛ ከንፈሩን ወደ ጠርዙ ሲያስጠጋ ድምፁ ይወርዳል፣ ሲያርቅ ይወጣል፤ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ተንሸራትቶ የሚሄደው፣ ድምፁን የሚያርገበግበውና የሚያደበዝዘው በዚህ ነው። የክዌላ ነፊዎችም ፊሽካቸውን አፋቸው ውስጥ አጋድመው በመያዝ ይህንኑ ነጻነት ለማግኘት ይታገሉ ነበር። በአራት ቀዳዳ ብቻ የተወሰነ መሣሪያ የከንፈር ነጻነቱን ካጣ የሚቀረው ነገር በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ የፊሽካ አፍ ለትንንሽ ልጆች ማለማመጃ ቢሆን አልቃወምም፤ ለሙዚቀኛ ግን ርካሽ ዋሽንት መስጠት ሳይሆን ሌላ መሣሪያ መስጠት ነው።

ምን ዓይነት ሸምበቆ?

ዋሽንት ከምን ይሠራል ሲባል ጽሑፎች ሸምበቆ፣ መቃ ወይም ቀርከሃ እያሉ ሦስቱን አንድ አድርገው ይጠሯቸዋል። ለሠሪው ግን አንድ አይደሉም።

በኢትዮጵያ በተፈጥሮ የሚበቅለው ቀርከሃ ሁለት ዓይነት ነው። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ነው፤ እንደ አዊ ባሉ ደጋማ አካባቢዎች ይለማል። የቆላው፣ ሽመል የሚሆነው፣ በአብዛኛው ውስጡ ድፍን ነው። በስፋት ሲታይ ትልቁን የሀገሪቱን የቀርከሃ መሬት የያዘው ይኸው የቆላው ነው። ስለዚህ «ኢትዮጵያ በቀርከሃ ሀብታም ስለሆነች የዋሽንት ዕቃ ሞልቷል» የሚለው አነጋገር ከተባለው በላይ ሰፍቷል። ሽመሉ ለዱላና ለቤት ሥራ እንጂ ለዋሽንት አይሆንም።

በሀብሩና በመሰል ወይና ደጋና ቆላ አካባቢዎች ለሠሪው የሚቀርበው በወንዝና በመስኖ ዳር የሚበቅለው ሸምበቆ ነው። ግድግዳው ከቀርከሃ ይቀጥናል፤ ቀላል ነው፤ ለመብሳት አያስቸግርም፤ ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። ይኸው የተክል ዝርያ በደቡብ ፈረንሳይ ቫር በተባለው አውራጃ እየለማ ለዓለም የክላርኔትና የሳክስፎን ምላስ ሆኖ ይሸጣል። እዚያ ያለው ልማድ ትምህርት ሰጪ ነው። ሸምበቆው ሁለት ዓመት ሲሞላው በክረምታቸው፣ ማለትም እርጥበቱ ሲቀንስ ይቆረጣል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ እንዲደርቅ ይቆያል። የዋጋው ትልቁ ክፍል ያረፈው በዚህ ትዕግሥት ላይ ነው።

የኛ ዋሽንት ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው እርጥብ ተቆርጦ በቶሎ ስለሚበሳ ነው። በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ያልደረቀ ሸምበቆ ከተበሳ በኋላ ይጨማደዳል፤ ሲጨማደድ የውስጡ ስፋት ይቀየራል፤ ቅኝቱም አብሮ ይሄዳል። ለጋው ደግሞ ለነቀዝ የተጋለጠ ነው። ዕድሜው የደረሰውን መምረጥ፣ በበጋ መቁረጥ፣ በጥላ ማድረቅ፣ እነዚህ ሦስቱ አንድ ሳንቲም አያስወጡም። የሚያስወጡት ጊዜ ነው፤ ጊዜ ደግሞ ለዕለት ጉርሱ ለሚሠራ ሰው ርካሽ አይደለም።

በጣት ልክ ወይስ በሚሊሜትር?

የዳሰሳው ከባድ ክፍል ይህ ነው።

ባህላዊው ሠሪ ሸምበቆውን ይቆርጣል፣ አንጓውን ይበሳል፣ ጣቶቹን ዘርግቶ የቀዳዳዎቹን ቦታ ያመላክታል፣ በጋለ ብረት ይበሳል፣ ይነፋል፣ ያስተካክላል። የዚህ አሠራር ደጋፊዎች ልኩ ከነፊው እጅ ጋር ስለሚሄድ ለጣት ይመቻል፣ የመጨረሻው ዳኛም ጆሮ ነው ይላሉ። ትክክል ናቸው። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ሁለት ሠሪዎች፣ አንዳንዴም አንዱ ሠሪ በሁለት ቀን፣ የሚሠሯቸው ዋሽንቶች አብረው መነፋት አይችሉም ይላሉ። እነሱም ትክክል ናቸው።

የፊዚክሱ ነገር እንዲህ ነው። ሁለት ጫፉ ክፍት የሆነ ግማሽ ሜትር ቱቦ፣ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ሲዘጉ፣ በግምት 330 ኸርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ ይሰጣል። ድምፁን በግማሽ ድምፅ ከፍ ለማድረግ ቱቦውን በ28 ሚሊሜትር ገደማ ማሳጠር ያስፈልጋል። 3 ሚሊሜትር ስህተት ማለት የግማሽ ድምፅ አንድ አሥረኛ ማለት ነው፤ የሠለጠነ ጆሮ ይሰማዋል። ቀዳዳ ሲሰፋ ድምፁ ይወጣል፤ ከሚገባው በላይ ከሰፋ ግን በሰም ከማጥበብ በቀር መመለሻ የለውም። ጥሩ ሠሪ ለዚህ ነው ቀዳዳውን አጥብቦ ጀምሮ እየነፋ የሚያሰፋው። ርዝመቱና ቀዳዳው አንድ ሆኖ እንኳ፣ የሁለት ሸምበቆዎች የውስጥ ስፋት ስለማይመሳሰል ድምፃቸው ይለያያል። ስለዚህ በሸምበቆ ላይ የሠንጠረዥ ልክ ብቻውን አያድንም፤ ጆሮ የግድ ነው።

አየሩም ይጨመርበታል። በ10 ዲግሪና በ30 ዲግሪ ሙቀት መካከል የድምፅ ፍጥነት የሚለየው፣ ለቱቦ ከግማሽ ድምፅ ግማሽ በላይ በሆነ ልዩነት ነው። የነፊው ትንፋሽ ቱቦውን ስለሚያሞቅ ልዩነቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ሲሪንቃ በጠዋት ብርድ የተቃና ዋሽንት በምሥራቅ ባለው የሀብሩ ቆላ፣ በእኩለ ቀን፣ ከፍ ብሎ ሊሰማ ይችላል።

ከዚህ በላይ ያለው ክርክር የቅኝቱ ነው። አራት ቀዳዳ ያለው ዋሽንት ከመነሻው ጋር አምስት ኖታ ይሰጣል፤ የኛ ቅኝቶችም አምስት አምስት ኖታ ናቸው፤ ግጥምጥሙ ያማረ ነው። ነገር ግን አምስቱ ኖታዎች ከቅኝት ቅኝት ይለያያሉ። ትዝታ ሙሉው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ ሲሆን፣ አምባሰል ደግሞ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶ፣ ዝቅ ያለ ላ ነው። የሚጋሩት ዶንና ሶን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ዋሽንት ሁሉን አይችልም፤ ሙዚቀኛው ብዙ ይይዛል፤ ወጪውም በዚያ ልክ ያድጋል። የርካሽነት ጥያቄ የአንድ ዋሽንት ዋጋ ጥያቄ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የሚገዛው ስብስብ ነው።

እዚህ ላይ ሠሪዎችም አስተማሪዎችም በበቂ ያልተጠቀሙበት አንድ ነገር አለ። የትዝታ ሙሉውን ኖታዎች ሳንቀይር ከላ ብንነሳ የሚወጣው ባቲ ነው፤ ማለት ዝቅ ያለው ባቲ። የትዝታ ግማሹን (ዶ፣ ሬ፣ ዝቅ ያለ ሚ፣ ሶ፣ ዝቅ ያለ ላ) ሳንቀይር ከሶ ብንነሳ የሚወጣው አምባሰል ነው። ባቲ ሙሉውና አንቺሆዬ የተባለው ቅኝት ግን ከሌሎቹ ጋር አይጋሩም፤ የየራሳቸው ዋሽንት ይፈልጋሉ። እንግዲህ ለስድስቱ ዓይነት (ለሁለቱ ትዝታ፣ ለሁለቱ ባቲ፣ ለአምባሰልና ለአንቺሆዬ) ስድስት ዋሽንት ሳይሆን አራት ይበቃል ማለት ነው። ዋጋው አለው፦ መነሻው ኖታ ከቱቦው ግርጌ ወደ መሃል ስለሚሸሽ፣ ዜማው ከመነሻው በታችና በላይ የሚሄድበት ቦታ ይቀየራል፤ ዘፋኙም በሌላ ከፍታ መዝፈን ይኖርበታል። ለጀማሪ ግን ከስድስት ወደ አራት መውረድ ቀላል ቁጠባ አይደለም።

ይህ ስሌት የሚቆመው ኖታዎቹን በፒያኖ ልክ ከወሰድናቸው ነው። ጥያቄውም እዚያ ላይ ነው። ዘነበ በቀለ እ.ኤ.አ. በ1987፣ እዝራ አባተ ደግሞ በ2009 ባሳተሟቸው ጥናቶች ቅኝቶችን በምዕራቡ የኖታ ሥርዓት ለመተንተን ሞክረዋል፤ ያለዚህ ሥራ በትምህርት ቤት ማስተማር አይቻልም ነበር። በሌላ በኩል፣ የገጠሩ ነፊ የሚሰጠው «ሚ» እና «ላ» በፒያኖው ቁልፎች መካከል የሚወድቅበት ጊዜ አለ የሚሉ የባህል ሙዚቃ አጥኚዎች አሉ። ልዩነቱ የአካባቢ ጣዕም ነው ወይስ ያልተስተካከለ ቀዳዳ? ከቆዩ ዋሽንቶች ብዛት ያላቸውን ለክቶ፣ ደጋግሞ የሚታይ ልክ መኖሩን ሳያረጋግጡ የሚሰጥ መልስ ሁሉ ግምት ነው። አንድ መካከለኛ ነገር ግን መናገር ይቻላል፦ ሁለቱም ወገን የሚከራከረው ስለ ኖታዎቹ ርቀት ነው፤ ስለ መነሻው ኖታ ግን መስማማት አያዳግትም። «ላ»ን 440 ኸርዝ ያደረገው የዓለም አቀፉ ደረጃ መነሻውን ለመወሰን ብቻ ቢያገለግል፣ ቀሪዎቹን አራት ኖታዎች ጆሮ በፈቀደው ማቃናት ይቻላል። በዚህ መንገድ ዋሽንቱ ከኪቦርዱ ጋር ይነሳል፣ የሀገሩንም ጣዕም አይጥልም።

የቧንቧው ዋሽንት

ከብረትና ከፕላስቲክ ቧንቧ የሚሠራ ዋሽንት ዛሬ እንግዳ አይደለም።  ደጋፊዎቹ የሚያቀርቡት ምክንያት ጠንካራ ነው። የውስጡ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው፤ አይሰነጠቅም፤ ነቀዝ አይበላውም፤ አንድ ጊዜ የተቃና ልክ በመቶ ቱቦ ላይ ሊደገም ይችላል። ከግንባታ የተረፈ ቁራጭ ቧንቧ ዋጋውም ከምንም አይቆጠርም።

ተቃዋሚዎቹ ድምፁ «ይደርቃል» ይላሉ። የድምፅ ሳይንስ አጥኚዎች በዚህ ላይ ለረዥም ጊዜ ተከራክረዋል፤ በትንፋሽ መሣሪያ የሚንቀጠቀጠው በዋነኛነት አየሩ ስለሆነ፣ ከግድግዳው ዓይነት ይልቅ የውስጡ ቅርጽ፣ ልስላሴውና የጠርዙ አቆራረጥ እንደሚበልጥ የሚያሳይ ማስረጃ ያመዝናል። የሸምበቆው ውስጥ ሻካራ ነው፣ ስፋቱም ያልተስተካከለ ነው፤ ለስላሳና ወጥ በሆነው ቧንቧ ውስጥ የማናገኘው ጣዕም ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ፣ ሰው «የሸምበቆ ድምፅ» የሚለው ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን ከሰማው ሻካራነት የራቀ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ያለ ክርክር መነገር አለበት። ሸምበቆ በጋለ ብረት እንደሚበሳው ሁሉ የፒቪሲ ቧንቧን በጋለ ብረት መብሳት አደገኛ ነው። ፒቪሲ ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ የተባለ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣዋል። በመሰርሰሪያ መበሳት፣ ፍርፋሪውንም በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። ለቧንቧ የሚውሉ አንዳንድ ፒቪሲዎች እርሳስ ያለበት ማረጋጊያ ስለሚጨመርባቸው፣ ከንፈር ላይ የሚውል ዕቃ ለመጠጥ ውሃ ከተፈቀደው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ዚንክ የተለበጠ የብረት ቱቦም ለአፍ ተገቢ አይደለም።

የኔ ፍርድ ሁለቱን ማለያየት ነው። ቧንቧው ለመለኪያና ለመለማመጃ፣ ሸምበቆው ለመድረክ። የቧንቧ ዋሽንት ልክ ስለሚይዝ፣ በአንድ አካባቢ የተወደደ የነፊ ዋሽንት ልክ በእርሱ ላይ ተገልብጦ መቀመጥ ይችላል፤ የሸምበቆው ሠሪ ደግሞ ያንን ሰምቶ፣ የራሱን ሸምበቆ እየነፋና እያሰፋ ያቃናል። ሠንጠረዡ በሸምበቆ ላይ የማይሠራበትን ምክንያት ከላይ አይተናል፤ ድምፅ ሰጪ ናሙና ግን ይሠራል። ዛሬ በስልክ የሚጫኑ መቃኛዎችም ይህንኑ ያግዛሉ፤ ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ በፒያኖ ልክ ስለሚሠሩ፣ ከመነሻው ኖታ አልፈው የሠሪውን ጆሮ እንዳይተኩ መጠንቀቅ ይገባል።

ርካሽ፣ ለማን?

በገበያ ላይ ዋሽንት የሚባሉት ቢያንስ ሦስት ናቸው፤ ክርክሩ የሚምታታውም አብዛኛውን ጊዜ ሳይለያዩ ሲቀሩ ነው። አንዱ ለጎብኚ የሚሸጥ፣ ያጌጠ፣ ቀለም የተቀባና ብዙውን ጊዜ ያልተቃና ነው፤ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሁለተኛው የተማሪ ዋሽንት ነው፦ ማማር አያስፈልገውም፣ መቃናት ግን ያስፈልገዋል። ሦስተኛው የሙዚቀኛው ስብስብ ነው። የጌጡ ዋጋ ለተቃናው ዋሽንት ዋጋ መለኪያ ከሆነ ሁለቱም ይጎዳሉ፤ ያልተቃናው ውድ ይመስላል፣ ለተቃናው ደግሞ ማንም ድካሙን አይከፍልም።

ርካሽነትን በሠሪው ትከሻ ላይ መጫንም ፍትሕ የለውም። ከአሥር ሸምበቆ ምን ያህሉ እንደሚሰነጠቅ፣ ምን ያህሉ ቃናው እንደሚበላሽ የሚያውቀው ሠሪው ነው፤ የተበላሸው ሁሉ በተሳካው ላይ ይታሰባል። ዋጋውን ዝቅ የሚያደርገው እውነተኛ መንገድ ብልሽቱን መቀነስ ነው። የደረቀ ሸምበቆ፣ የቧንቧ ናሙና፣ የሚደጋገም ልክ፣ ሦስቱም ብልሽት ይቀንሳሉ። የሠሪው ደመወዝ ሳይነካ ዋሽንቱ የሚረክሰው በዚህ በኩል ነው።

ሌሎች የሀገራችን የቱቦ መሣሪያዎች ሌላ መልስ ይሰጣሉ። እምቢልታ ቀዳዳ የለውም፤ ሦስት ሰዎች የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ይዘው ዜማውን ተከፋፍለው ይነፉታል። በደራሼ ሕዝብ ፊላ ደግሞ የቀርከሃ ቱቦዎች በብዙ ሰዎች ተከፋፍለው አንድ ዜማ ይሠራሉ። በእነዚህ የእያንዳንዱ ቱቦ ሥራ ቀላል ነው፤ ከባዱ የስብስቡ መስማማት ነው። ለዋሽንትም ይህ ልማድ ቢወሰድ፣ ማለት አንድ ሠሪ ለአንድ ቡድን ዋሽንቶችን ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ እርስ በርሳቸው እያስማማ ቢያቃና፣ ዋሽንት ከዋሽንት ጋር የማይስማማበት ቅሬታ በከፊል ይቃለላል።

በሲሪንቃ ሊጀመር የሚችል

ሲሪንቃ የምትታወቀው በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። ማዕከሉ በማሽላ ምርምሩ ስሙ ይነሳል፤ የደን ሥራም አለው። የወልዲያ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ትምህርት መርሳ ላይ ይሰጣል። ስለ ሸምበቆ አቆራረጥ፣ አደራረቅና ዕድሜ የሚነሱት ጥያቄዎች የእንጨትና የተክል ጥያቄዎች ናቸው፤ የፈረንሳዮቹ የሁለት ዓመት ልማድ ለሀብሩ አየር ይሁን አይሁን በሙከራ የሚመለስ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው መሬት ጠባብ ነው፤ የሚያስፈልገው ገንዘብም ትልቅ አይደለም።

ሌላው ሥራ ልኬት ነው፤ ይህን ማንም ሊጀምረው ይችላል። ትምክህት ተፈራ እ.ኤ.አ. በ2009 በጀርመንኛ ባሳተመችው ሰፊ ጥናት የምሥራቅ አፍሪካን የትንፋሽ መሣሪያዎች በአንድ ላይ መርምራለች፤ ለአንድ ወረዳ ብቻ የሚሆን ጠባብ ግን ዝርዝር መዝገብ ቢጨመርበት፣ ከላይ የቀረውን የጣዕም ወይስ የስህተት ክርክር ለመፍታት መነሻ ይሆናል።

ስለዚህ በሀብሩ፣ በመርሳም ሆነ በወልዲያ የቆየ ዋሽንት ያለበት ቤት ካለ፣ እንዳለ ይቆይ፤ ቀዳዳው አይስፋ፣ ጫፉ አይቆረጥ። ሙሉ ርዝመቱ፣ የውስጡ ስፋት በሁለቱም ጫፍ፣ ከመንፊያው ጫፍ እስከ እያንዳንዱ ቀዳዳ መሃል ያለው ርቀት፣ የቀዳዳዎቹም ስፋት በሚሊሜትር ይጻፍ። ነፊው በሕይወት ካለ አምስቱን ኖታ ከታች ወደ ላይ ነፍቶ በስልክ ይቀረጽ፤ የትኛው ቅኝት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደተነፋ አብሮ ይመዝገብ። ወረቀቱና ድምፁ ለሚቀርበው ትምህርት ቤት የሙዚቃ መምህር ወይም ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይሰጥ፤ ቅጂው ግን ቤቱ ይቅር።